ቫዮሊን ሦስተኛ ፎቅ ላይ

ጀርመን አገር ልጅን ሙዚቃ ለማስተማር ሀብታም መሆን አያስፈልግም። ጊዜ ግን ያስፈልጋል። ወረቀትም። ከሁለቱ ወረቀቱ ይሻላል፤ ቢያንስ ልጆች ከተኙ በኋላ ቁጭ ብሎ መሙላት ይቻላል።

የምንኖረው ዶርትሙንድ ነው። የልጄ ትምህርት ቤት ጄኪትስ የሚሉት ፕሮግራም ውስጥ አለ። ነገሩ በፈረንጆቹ 2003 እዚሁ አጠገባችን ቦኹም ከተማ ተጀመረ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ሐሳቡ ይኼው ነበር። በ2007 ወደ ሩር አካባቢ ከተሞች ሰፋ። በ2015 ደግሞ ጭፈራና ዘፈን ተጨምረውበት እኛ ባለንበት ክፍለ ግዛት፣ በመላው ኖርድራይን ቬስትፋለን ላሉ ትምህርት ቤቶች ተከፈተ። ትምህርት ቤቱ ከሦስቱ አንዱን ይመርጣል። የመጀመሪያው ዓመት ለክፍሉ ልጆች በሙሉ በነጻ ነው። ከዚያ በኋላ የፈለገ ይቀጥላል፤ በየወሩ መጠነኛ ክፍያ አለው። ከመንግሥት ድጎማ የሚያገኝ ቤተሰብ ከክፍያው ነጻ ነው። መሣሪያውንም ያውሳሉ።

ልጄ ቫዮሊን መረጠች። ለትንንሽ ልጆች የሚሠራ ትንሽ ቫዮሊን እንዳለ ያወቅሁት ያኔ ነው። አንድ አራተኛ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ እየተባለ ከልጁ ክንድ ጋር አብሮ ያድጋል።

አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና፣ «ምነው ልጄ፣ አዝማሪ ልታደርጊያት ነው እንዴ?» አለችኝ። ከእሷ ጋር አልከራከርም። የሚገርመኝ የእዚህ አገር ሰዋችን ነው። ለሒሳብ አስጠኚ ሲሆን ሳያቅማማ ይከፍላል። ሙዚቃ ሲሆን «ጊዜ ማጥፋት ነው» ይላል። ያው ሰውዬ ግን ሠርግ ላይ ተነሥቶ ዘፋኙ ግንባር ላይ ሃምሳ ዩሮ ይለጥፋል። ለዘፋኙ ክብር ካለው፣ ለሚማረው ልጅ ምነው አነሰው?

የሚከብደው ልምምዱ ነው። መምህሯ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትለማመድ ትላለች። ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ ብቻዋን አትለማመድም፤ አጠገቧ ሰው መቀመጥ አለበት። እኔ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው። የጠዋት ፈረቃ ከሆነ ቤት ስገባ እግሬን አላውቀውም። የከሰዓት ፈረቃ ከሆነ ጭራሽ አልኖርም፤ አባቷ ይተካል። እሱ ደግሞ ከእሷ ብሶ ይሰለቻል። ጀማሪ ቫዮሊን የሰማ ሰው አይፈርድበትም፤ ዝገት የያዘው የበር ማጠፊያ ነው የሚመስለው።

ከታች ያለው ጎረቤታችንም ሰምቶታል። አንድ ቀን በራችን ላይ ወረቀት ለጥፎ አገኘን፤ «የእረፍት ሰዓት ይከበር» ይላል። የቤቱ ደንብ ላይ ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከአራት ሰዓት በኋላ ጸጥታ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። እኛ በእነዚህ ሰዓቶች አንነካካም። ከዚያ ውጭስ? አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የጀርመን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2018 የሰጠውን ውሳኔ ነገረችኝ። አውግስበርግ ውስጥ የሚኖር አንድ ሙያተኛ ትራምፔት ነፊ ነው፤ ጎረቤቶቹ ከሰሱት። ፍርድ ቤቱ ቤት ውስጥ ሙዚቃ መለማመድ ጨርሶ ሊከለከል አይችልም አለ። እንደ መነሻም የልምምዱን ርዝመት በሥራ ቀን ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ያህል፣ በእሑድና በበዓል አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያህል ብሎ አስቀመጠ። የእኛዋ እኮ ገና ሩብ ሰዓትም አትሞላ! ያም ሆኖ ሽማግሌውን በሕግ ላነጋግረው አልፈለግሁም። ድፎ ዳቦ ይዤ ወረድኩ። አሁን በየትኛው ሰዓት እንደማይተኛ እሱ ራሱ ይነግረናል።

በጣም ደስ ያለኝ ነገር የመጣው በኋላ ነው። መምህሯ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ዜማ ይዞ ይምጣ አለች። የእኛ ቡድን ሶርያ አለበት፣ ቱርክ አለበት፣ ፖላንድ አለበት። እኔ በትዝታ ቅኝት ያለችን አንድ ዜማ እያንጎራጎርኩ አስጠናኋት። መምህሯ ስትሰማ ወዲያው ያዘችው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ የለም፣ ሲ የለም። ካርል ኦርፍ የሚባለው የሙኒክ ሰው ለልጆች ባዘጋጀው የሙዚቃ ትምህርት ውስጥ ከእንጨት ዚሎፎኑ ላይ የፋና የሲን ዘንጎች ያስነሣል። ልጁ የቀረውን እንዳሻው ቢመታው አይበላሽም። ማለት ጀርመኖቹ ለጀማሪ ብለው ዘንግ አንሥተው የሚያዘጋጁት አምስት ድምፅ፣ እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚያለቅስበት ነው። የልጄን ዜማ ቡድኑ በሙሉ ቶሎ ያዘው። የሶርያዊው ልጅ ግን ከበድ አለ፤ ፒያኖ ላይ የማይገኝ ድምፅ አለበት።

ጄኪትስ የአንደኛ ደረጃ ነገር ነው። ከዚያ ወደ ከተማው የሙዚቃ ትምህርት ቤት መሻገር ሲመጣ ክፍያው ከፍ ይላል፤ የግል ትምህርት ሲሆን በተለይ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ገንዘብ አለ። ቢልዱንግስፓኬት ይባላል፤ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ልጆች የሚሰጥ የትምህርት ድጋፍ ነው። መሠረታዊ የኑሮ ድጎማ፣ የቤት ኪራይ ድጎማ ወይም ኪንደርሱሽላግ የሚሉትን የልጆች ተጨማሪ ድጎማ የሚያገኝ ቤተሰብ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጁ ለሙዚቃ ወይም ለስፖርት በወር 15 ዩሮ ይሰጠዋል። እስከ 2019 ድረስ 10 ነበር። ሙሉ ክፍያውን አይሸፍንም። ስለዚህ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱን ራሱን የወንድምና እህት ቅናሽ፣ የዝቅተኛ ገቢ ቅናሽ አላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ካልጠየቁ ማንም መጥቶ አይነግርም። እዚህ አገር ማፈር ውድ ነው።

አሁን ታናሽ ወንድሟ ተራው ደርሷል። የመሣሪያ ማሳያ ቀን ሁሉንም አስሞከሩት፤ ጊታር፣ ቼሎ፣ ዋሽንት። ትራምፔቱን አንዴ ነፋና ሌላውን እምቢ አለ። አባቱ ጊታር እንዲወስድ እየለመነው ነው። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ድፎ ልጋግር ነው።