ሰርተፊኬቱን ተዉትና የሠራችሁትን ንገሩኝ

ሰሞኑን መሥሪያ ቤታችን አንድ የጀማሪ ቦታ አውጥቶ የማመልከቻ ክምር ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሯል። ቀጣሪዋ እኔ አይደለሁም፣ መጀመሪያ ላይ ከሚያጣሩት አንዷ ነኝ፣ ግን እዛ ክምር ውስጥ ምን እንደሚያልፍና ምን እንደሚወድቅ እያየሁ ዝም ማለት ከበደኝ። እዚህ ሀዋሳ ካምፓስ ላላችሁ ልጆች ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ ነው የምጽፈው፣ ዘንድሮ ጂሲ (ተመራቂ) ለሆናችሁትም ገና ፍሬሽ ለሆናችሁትም።

ዲግሪ ያለው ሰው ብዙ ነው። ከ2015 ጀምሮ ደሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፣ 50 ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም፣ ስለዚህ እኔ ጋ የሚደርሰው ሁሉ ያንን ያለፈ ልጅ ነው፣ ትምህርቱን ያውቃል ብዬ ነው የምነሳው። ሲጂፒኤውም ቢሆን አንዱ 3.4 ሌላው 3.5 ቢሆን ምን ይነግረኛል? ኢንተርንሺፕ እንዳልል አብዛኛው ሲቪ ላይ አለ፣ በብዙ ትምህርት ክፍል ግዴታ ስለሆነ፣ ከዛ ምን ሠራችሁ ሲባሉ ብዙዎቹ ፋይል ሲያደራጁ እንደከረሙ ነው የሚናገሩት። እኛ ደሞ "0 ዓመት ልምድ" ብለን ለጥፈን ዞረን የምንፈልገው ያው ልምድ ነው። ያናድዳል አውቃለሁ፣ ስመረቅ እኔንም አናዶኛል፣ ግን ማመልከቻ የሚያይ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው እዛ ነው።

የሚቀረው በጎ ፈቃድ ነው፣ እሱም ቢሆን አሁን አሁን ሁሉም ሲቪ ላይ አለ። የሰርተፊኬቱ ብዛት ለጉድ ነው! የአንድ ቀን የአመራር ሥልጠና፣ የግማሽ ቀን ኮንፈረንስ፣ የፅዳት ዘመቻ፣ ችግኝ ተከላ። ችግኝ መትከል መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ አረንጓዴ አሻራ ከ2011 ጀምሮ በየክረምቱ አለ፣ ሁላችንም ወጥተን ተክለናል፣ ሁላችንም ስለተከልን ግን ማንንም ከማንም አይለይም። አልፎ አልፎ ግን "ችግኙን ከጣቢያው ያስመጣሁት፣ ጉድጓዱን ያስቆፈርኩት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ተመልሼ ስንቱ እንደጸደቀ የቆጠርኩት እኔ ነኝ" የሚል ልጅ ይመጣል፣ እሱን ሰርተፊኬት ባይኖረውም እጠራዋለሁ።

ልዩነቱ ምን ላይ እንደሆነ በአንዲት ልጅ ላሳያችሁ። አካውንቲንግ ነው የተማረችው፣ ሲቪዋ ሁለት ገጽ እንኳ አይሞላም፣ ካምፓሷ ውስጥ የበጎ አድራጎት ክበብ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ የምትል አንድ መስመር አለችው። ኢንተርቪው ላይ ገንዘቡን እንዴት ነበር የምትይዙት ስንላት ማውራት ጀመረች፣ በየዶርሙ ተዞሮ የሚሰበሰበው ብር በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ ባንክ ያለው አካውንት በስንት ሰው ፊርማ እንደሚንቀሳቀስ፣ ተመራቂዎች ሲወጡ የሚሰጡት ልብስና ጫማ እንዴት ተቆጥሮ እንደሚመዘገብ፣ ለችግረኛ ልጆች ደብተር ሲገዛ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ይሰበሰብ እንደነበር። አንዴ ርካሹ ሱቅ ደረሰኝ አልሰጥም አላቸው፣ ልጆቹ "ባክሽ ርካሽ ነው ግዢው" እያሉ ሲጨቀጭቋት እሷ ሌላ ሱቅ ሄደች፣ በዚህ ምክንያት ቀኑ ተራዘመና የክበቡ ልጆች ለብዙ ጊዜ አኮረፏት። "እና አሁን ቢሆንስ?" ስንላት "አሁንም ሌላ ሱቅ ነው የምሄደው" አለች። የፋይናንስ ኃላፊያችን ኢንተርቪው ላይ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፣ ያን ቀን ሳቀ፣ ምክንያቱም እሱ ቀኑን ሙሉ ከኛ ጋር የሚጣላው በዚሁ በደረሰኝ ነው። ልጅቷ አሁን ከኛ ጋ ትሠራለች።

እስቲ አስቡት፣ እንዲህ ያለ ነገር ክፍል ውስጥ አይገኝም። ክፍል ውስጥ ሂሳቡ ተሠርቶ ያልቃል፣ የሚያኮርፍ ጓደኛ፣ ደረሰኝ የማይሰጥ ነጋዴ፣ ሪፖርት የት አለ የሚል አማካሪ መምህር የለም። ኢንተርቪው ላይ የምንጠይቀው ጥያቄ ደሞ አብዛኛው እዚህ ላይ ነው፣ ከሰው ጋር ተጋጭተሽ እንዴት ፈታሽው፣ ጊዜ ሲያጥርህ ምን አደረግክ፣ እምቢ ያለህን ሰው እንዴት አሳመንከው። ፈተና እንጂ ሌላ ያላየ ልጅ እዚህ ጋ "እኔ በቡድን መሥራት እወዳለሁ" ብሎ ይቆማል። በጎ ፈቃድ ሥራ ውስጥ የገባው ልጅ ደሞ እኛ እስክናስቆመው ያወራል።

ሐይቁን ማጽዳት እንውሰድ። አሞራ ገደል አካባቢ ወጥቶ ፕላስቲክ መልቀም ማንም ይችላል፣ ጓንት ታደርጋላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ አሳ ትበላላችሁ፣ ወደ ዶርም። እኔ የምፈልገው ከፎቶው በፊት ያለውን ሥራ ነው። "ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ" ብሎ ለክፍለ ከተማው ደብዳቤ መጻፍ፣ ግልባጭ ለማን እንደሚደረግ ማወቅ፣ መዝገብ ቤት አስገብቶ ቁጥሩን መያዝ፣ ከሳምንት በኋላ "ደብዳቤያችሁ አልደረሰንም" ሲሏችሁ ያንን ቁጥር አውጥቶ ማሳየት፣ የተለቀመው ቆሻሻ በምን መኪና የት እንደሚሄድ አስቀድሞ መስማማት፣ ዓሣ አጥማጆቹን ሳያስቀይሙ ጀልባቸው ያለበትን ቦታ ማስለቀቅ። አሰልቺ ነው፣ አዎ፣ ግን ሥራ ማለት አብዛኛው ይሄ ነው፣ እኛ ቢሮ አንድ ጥሩ ደብዳቤ የሚጽፍ ጀማሪ ስናገኝ እንዴት እንደምንደሰት ብታዩ ትስቃላችሁ።

የሕግ ተማሪዎች ደሞ የራሳቸው ዕድል አላቸው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ ወዲህ ከተማችን ውስጥ ከገጠር የመጡ፣ ብዙ ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ሠራተኛ ሴቶች በብዛት አሉ፣ አሜሪካ አጎዋን፣ ማለትም ዕቃ ከቀረጥ ነጻ እንዲገባላት የሚፈቅደውን ዕድል፣ ለኢትዮጵያ ስታቆም ደሞ ሥራ ያጡም ነበሩ። አንድ የማውቀው ልጅ ተማሪ እያለ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ስለ ሥራ ውል ያስረዳቸው ነበር። አዋጅ 1156/2011 ላይ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል አይደል፣ መጀመሪያ ላይ አንቀጹን እንዳለ ሲያነብላቸው ዝም ብለው ያዩታል፣ ቀስ እያለ "ሥራ የጀመርሽው መቼ ነው? እሁድን አትቁጠሪ፣ በይ እስከዛሬ ስንት ሆነ?" ማለት ተማረ። አሁን ጠበቃ ቢሮ ነው የሚሠራው፣ አለቃው የሚወደው ለደንበኛ ሲያስረዳ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት፣ ሕግ የምትማሩ ከሆነ እነሱን ሳታዩ እንዳትወጡ።

አንድ ነገር ደሞ ማንም ሲጽፈው አላይም። ብዙዎቻችሁ ከሌላ ክልል መጥታችሁ አራትና አምስት ዓመት እዚህ ኖራችሁ ሲዳምኛ ከሰላምታ ሳያልፍ ትመረቃላችሁ፣ ከዛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ሆኖ ቫካንሲው ላይ "ቋንቋውን የሚችል" ሲል ትተዉታላችሁ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ቤት ለቤት የዞረ፣ ክረምት ላይ ለሰፈር ልጆች ያስጠና ተማሪ ቋንቋውን ሳያስበው ነው የሚለምደው፣ እናቶቹ ቡና አቅርበውለት እየሳቁ ያርሙታል፣ ይሄን የሚያህል ነጻ የቋንቋ ትምህርት የትም የለም።

ማስረጃ ለምትፈልጉ ደግሞ፣ ቤልጂየም ውስጥ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የሠሩት አንድ ጥናት አለ፣ የፈጠራ ማመልከቻዎች አዘጋጅተው በእውነት ወደወጡ ክፍት ቦታዎች ላኩ፣ በጎ ፈቃድ የተጻፈበት ማመልከቻ ካልተጻፈበት በአንድ ሦስተኛ የበለጠ የኢንተርቪው ጥሪ አገኘ። ቤልጂየም ሀዋሳ አይደለችም፣ እዚህ ዘመድም ትውውቅም የራሱን ድርሻ እንደሚይዝ ሁላችንም እናውቃለን፣ ምን ይደበቃል። ግን ትውውቅ የሌለው ልጅ ትውውቅ ከየት ያምጣ? ቀይ መስቀል ቅርንጫፍ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሠልጥኖ በየበዓሉ ጉዱማሌ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጨምበላላ ሰው ሲሰበሰብ ድንኳን ውስጥ የቆመ ልጅ፣ አስተባባሪዋ ሲሠራ አይታዋለች፣ ነርሱ አይቶታል፣ ነገ ቦታ ሲከፈት "አንድ ልጅ አለ" የሚሉት እነሱ ናቸው። ያየኝ ሰው አለ ማለት አጎቴ አለ ከማለት አይተናነስም፣ ለኔ እንደውም ይበልጣል።

ተማሪ ወጥቶ ማገልገሉ ለኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በጃንሆይ ጊዜ በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርደው እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር፣ አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። ግዴታ ስለነበር በጎ ፈቃድ ማለት ይከብዳል፣ መጀመሪያ ላይም ያልተዋጠላቸው ተማሪዎች ነበሩ። ግን ከዛ ዘመን ሰዎች ጋር ብታወሩ ስለ ሌክቸሩ ሳይሆን ስለተመደቡበት ከተማ ነው የሚያወሯችሁ።

አሁን ደሞ ወደማይወራው። በጎ ፈቃድ ብሎ የሚበዘብዝም አለ። ጓደኛዬን አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ "ልምድ ታገኛለህ" ብሎ ወራት ሙሉ ከሰኞ እስከ አርብ ዳታ ሲያስገባ አክርሞት የባጃጅ እንኳ አልሸፈነለትም፣ በኋላ ሲሰማ ለዛው ሥራ በጀት ተይዞ ነበር። እኔ የምለየው እንዲህ ነው፣ እናንተ ብትቀሩ ድርጅቱ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራው ሥራ ከሆነና የሚያስተምራችሁም ሰው ከሌለ በጎ ፈቃድ አይደለም፣ ያልተከፈለ ደሞዝ ነው። ውጡ።

ጊዜም ገንዘብም የሌለው ተማሪ አለ፣ እሱን ረስቼው አይደለም። ክረምት ሲመጣ ቤተሰቡ ጋ ሄዶ እርሻ የሚያግዝ፣ ሱቅ የሚቀመጥ፣ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ችግኝ የሚተክልበት ጊዜ ከየት ያመጣል? እነዚህ ልጆች ሲቪያቸው ላይ ይሄን አይጽፉም፣ ያፍሩበታል። ኧረ ጻፉት! አባቱ ሱቅ ውስጥ የዱቤ መዝገብ ሲይዝ ያደገ ልጅ እኔ ፊት ቢቀመጥ ከብዙ ሰርተፊኬት በላይ ይበልጥብኛል፣ ዱቤ ማስመለስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ለቀሪዎቻችሁ፣ አንድ ቦታ ምረጡና ቆዩበት። በየሴሚስተሩ ክበብ አትቀይሩ። ሚድ ሲደርስ "በዚህ ሳምንት አልመጣም" ማለትን ልመዱ፣ መውጫ ፈተናውን የጣለ በጎ ፈቃደኛ ለማንም አይጠቅምም። የምትሠሩትን ወር በወር ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ ስንት ልጅ አስጠናችሁ፣ ስንት ሰው ደም እንዲሰጥ አመጣችሁ፣ ምን ተበላሸ፣ ምን አስተካከላችሁ፣ በኋላ ሲቪ ስትጽፉ ቁጥሩ ይጠፋችኋል። ሲቪው ላይም "በበጎ ፈቃድ ተሳትፌያለሁ" ብላችሁ አትለፉት፣ የሠራችሁትን በግስ ጻፉት፣ አስተባበርኩ፣ መዘገብኩ፣ ተከራከርኩ።

ደብዳቤ ደሞ ሳትወጡ ጠይቁ። ማህተም ያለው፣ ከመቼ እስከ መቼ ምን እንደሠራችሁ የሚል፣ ስልክ ያለበት። እዚህ አገር ኃላፊ ቶሎ ይቀያየራል፣ ከተመረቃችሁ በኋላ ስትመጡ አዲሱ ሰውዬ አያውቃችሁም፣ ፋይሉም አይገኝም። እኛ ደሞ ስልኩን እንደውላለን፣ ባለፈው ለአንዱ ልጅ ስንደውል ያነሱት ሴትዮ "ሥራ አገኘ እንዴ?" ብለው ጮኹ፣ ሌላ ምንም መጠየቅ አላስፈለገንም።