በሕፃናት ሰመመን ወቅት የልብን ድምፅ ማዳመጥ

ደሴ ውስጥ በሰመመን ሙያ ሳገለግል ሕፃናትን የምከታተለው በሞኒተር ብቻ ሳይሆን ደረታቸው ላይ በማስቀምጠው ስቴቶስኮፕም ጭምር ነው። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋ በመሆኗ በብርዱ ወራት የሕፃናቱ ጣት ይቀዘቅዛል፤ ጣት ላይ ተደርጎ የደምን ኦክስጅን የሚለካው የፐልስ ኦክሲሜትር ንባብም ደጋግሞ ይጠፋል። በዚያን ጊዜ ችግሩ የመሣሪያው ይሁን የልጁ ወዲያው የሚነግረኝ ጆሮዬ ነው።

የስቴቶስኮፑን ራስ በደረት አጥንቱ ግራ ጠርዝ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው የጎድን አጥንት አካባቢ፣ የልብም የትንፋሽም ድምፅ በሚሰማበት ቦታ በፕላስተር አጣብቀዋለሁ። ቱቦውን ወደ አንድ ጆሮዬ ብቻ አመጣዋለሁ፤ ሌላው ለሰርጀኑና ለሞኒተሩ ክፍት መሆን አለበት።

ኢሲጂ የሚያሳየው የልብን ኤሌክትሪክ እንጂ የመኮማተር ኃይሏን አይደለም። የመጀመሪያው የልብ ድምፅ ግን በላይኛውና በታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ያሉት ቫልቮች ሲዘጉ የሚሰማ ስለሆነ፣ ልብ በኃይል ስትኮማተር ይጎላል፣ ስትዳከም ይደበዝዛል። በትንፋሽ የሚሰጠው የሰመመን መድኃኒት ሃሎቴን ደግሞ የልብን ጡንቻ ያዳክማል።

አንድ የኸርኒያ (የቡአ) ቀዶ ሕክምና ላይ የነበረ ሕፃን፣ የደም ግፊት መለኪያው ገና ቀጣዩን ልኬት ሳይጀምር፣ የመጀመሪያው ድምፁ እየራቀ ሲሄድ ሰማሁ፤ ሰርጀኑ የኸርኒያውን ከረጢት ሲስብ ደግሞ ምቱ ዘገየ። «ዶክተር፣ እባክዎ ትንሽ ይልቀቁልኝ» አልኩ፤ ሃሎቴኑን ቀንሼ ኦክስጅኑን ከፍ አደረግሁ፣ የልብ ምትን የሚያፈጥነው፣ በኪሎ 0.02 ሚሊግራም የተሰላው አትሮፒንም ተዘጋጅቶ በእጄ ነበር። ድምፁ አትሮፒኑን ሳልሰጥ ተመለሰ። የሕፃናት ልብ በአንድ ምት የሚረጨውን ደም በሚፈለገው መጠን መጨመር ስለማይችል የምቱ መዘግየት ለእነርሱ እጅግ አደገኛ ነው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ልማድ ሕፃኑ ከመተኛቱ በፊት ማዳመጥ ነው፤ የራሱን መነሻ ድምፅ ያልሰማ ሰው መደብዘዙን ሊያውቅ አይችልም። ድምፁ ሲቀንስ በቅድሚያ ፕላስተሩ መላቀቁን አያለሁ፣ ቀጥሎ የሃሎቴኑን መጠን፣ ከዚያም የፈሳሽ ወይም የደም እጥረት መኖሩን። ኬታሚን የተባለው ሌላ የሰመመን መድኃኒት በተሰጠው ሕፃን ላይ ግን ድምፁ ሊጎላ ስለሚችል፣ በጉላቱ ብቻ ተማምኜ የደም መፍሰስን ቸል አልልም። ጆሮ የደም ግፊት ልኬትን አይተካም፤ በሁለት ልኬቶች መካከል ያለውን ጊዜ ይሸፍናል።

ለአዋቂዎች፣ የአየር ቧንቧቸው ውስጥ ቱቦ ከገባ በኋላ፣ በምግብ ቧንቧ የሚገባው ስቴቶስኮፕ የተሻለ ይሰማል። ሆኖም በአካባቢያችን ቢልሃርዚያ ስላለ፣ በዚህ ሕመም ምክንያት የምግብ ቧንቧቸው ደም ሥሮች ያበጡ ሕሙማን ላይ አልጠቀምበትም፤ ለእነርሱ ደረት ላይ የሚለጠፈው ይበቃቸዋል።