የካንሰር ሴል ከደም መልቀም፣ በስቲከር መቁረጫ ማሽን

ዕጢ ያለበት ሰው ደም ውስጥ ከዕጢው የተላቀቁ ሴሎች ይዞራሉ። ቶማስ አሽዎርዝ የተባለ ሐኪም አውስትራሊያ ውስጥ በ1869 እ.ኤ.አ. ስለ እነሱ ጽፏል። ችግሩ ቁጥራቸው ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ወደ 5 ቢሊዮን የሚጠጉ ቀይ ሴሎችና ሚሊዮኖች ነጭ ሴሎች አሉ። የካንሰሩ ሴል ብዙ ጊዜ ከ10 አይበልጥም። አንዳንዴም ምንም የለም።

በ2007 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ እነዚህን ሴሎች ከደም ለመልቀም የተሠራው ታዋቂ ቺፕ (ደም የሚያልፍበት ትንሽ ጠፍጣፋ መሣሪያ) 78,000 ያህል ጥቃቅን ምሰሶዎች ነበሩት፤ ምሰሶዎቹ ሴሎቹን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ተቀብተዋል። ያን ጎንደር ላይ መሥራት አይታሰብም። እኔ የመረጥኩት በመጠን መለየትን ነው። ደም በተጠማዘዘ ቀጭን ቦይ ውስጥ በፍጥነት ሲሄድ ትልልቁ ሴል፣ ብዙ ጊዜ የካንሰሩ፣ የውስጠኛውን ግድግዳ ይይዛል፣ ትንንሹ ወደ ውጭ ይገፋል። መውጫው ላይ ቦዩን ለሁለት መክፈል ነው።

ቅርጹን ያወጣሁት ፒያሳ ማስታወቂያ ቤት ነው። ስቲከር የሚቆርጠው ልጅ ስዕሉን አየና «ወንድሜ፣ ይሄ የትንኝ ማጨሻ ነው እንዴ?» አለኝ። በእርግጥም ቁርጥ እሱን ነው። የቦዩ ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልጁን አዲስ ምላጭ አስገባልኝ፣ ፍጥነቱንም ቀንስልኝ አልኩት። ስቲከሩን ሁለት ድርብ አድርጌ መስታወት ላይ ለጠፍኩና ፒዲኤምኤስ የሚባለውን ግልጽ ሲሊኮን አፈሰስኩበት። አስር እጅ ሲሊኮን፣ አንድ እጅ ማጠንከሪያ። ሲሊኮንን ከሲሊኮን የሚያጣብቀው ፕላዝማ ማሽን ስለሌለን ሁለቱን ንጣፎች፣ ቦይ ያለበትንና ክዳኑን፣ ሳይደርቁ፣ ገና ሲያጣብቁ አገጣጥሜ ምድጃ ውስጥ መለስኳቸው። ይሄው ነው፤ ቺፑ ቀላሉ ክፍል ነው።

አስቸጋሪው ደሙ ነው። ሲስተር ደም ስትቀዳልኝ የመጀመሪያውን ቱቦ ለይቼ ሳስቀምጥ «ምነው፣ ደም ትርፍ ሆነ እንዴ?» አለችኝ። መርፌው ሲገባ የቆዳ ሴል ይዞ ይገባል። ያ ሴል በኋላ ሲቀለም የካንሰር ሴል መስሎ ይታያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቱቦ ለሌላ ምርመራ ይሄዳል እንጂ ቺፑ ውስጥ አይገባም። ከታካሚ ግን አልጀመርኩም። የጤነኛ ሰው ደም ወስጄ፣ ቀይ ሴሎቹን በአሞኒየም ክሎራይድ አፈረስኩና አረንጓዴ የሚያበሩ፣ የካንሰር ሴል የሚያካክሉ የፕላስቲክ እንክብሎች ጨመርኩበት። ስንት እንዳስገባህ ካላወቅህ ስንት እንዳመለጠህ በምን ታውቃለህ? በማሟሟት ሂሳብ «50 ይሆናሉ» ማለት እዚህ አይሠራም። ጠብታዋን መስታወት ላይ አድርጎ አንድ በአንድ መቁጠር ነው። መቁጠሪያው ደግሞ እጃችን ላይ ነበር፦ የቲቢ አክታ የምናይበት ኤልኢዲ ማይክሮስኮፕ። ሰማያዊ ብርሃኑ እንክብሎቹን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

የጠፉትን እንክብሎች ስፈልግ አብዛኞቹን ያገኘሁት ቺፑ ውስጥ አልነበረም። ናሙናውን ወደ ቺፑ በምንገፋበት ሲሪንጅ ውስጥ ዘቅጠው ቀርተዋል። ሲሪንጁን አፉን ወደ ታች አድርጎ ማቆም፣ ቱቦውን ማሳጠር፣ ሁሉንም አስቀድሞ በአልቡሚን (እንዳይጣበቁ በሚያደርግ ፕሮቲን) ማጠብ ትልቅ ለውጥ አመጣ። የአየር አረፋ ሌላው ጠላት ነው። አንዷ ከገባች ፍሰቱ ይበጠበጣል፣ ሁሉም ይደባለቃል። መብራትማ አይወራ። ሲሪንጁን የሚገፋው ፓምፕ ለሰከንዶች ከቆመ ያ ናሙና አለቀለት፤ ባትሪ ያለው ፓምፕ ከጥሩ ቺፕ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም።

አሁንም ቢሆን ውጤቴን በልክ ነው የማየው። እንክብል ድርቅ ያለ ነው፣ ሴል ግን ይለመጣል። አንዳንድ ነጭ ሴሎች የካንሰሩን ሴል ያህላሉ፤ አንዳንድ የካንሰር ሴሎች ደግሞ ከነጭ ሴል አይበልጡም። ስለዚህ ከቺፑ የወጣውን መቀለም ግድ ነው፦ ሳይቶኬራቲን (የዕጢ ሴል ምልክት የሆነ ፕሮቲን) ያለው፣ ሲዲ45 (የነጭ ሴል ምልክት) የሌለው፣ ኒውክለሱ የሚታይ። ለዚህ የቲቢው ማይክሮስኮፕ አንድ ቀለም ብቻ ስለሚያሳየኝ አይበቃኝም። ተጨማሪ ፊልተር እስካገኝ እንክብል መቁጠሬን እቀጥላለሁ።