ለሌላ ሰው የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ ጆርጂያ፦ የብቻ ጉዞ ማስታወሻ፣ ሦስተኛ ዙር

ብቻዬን መጓዝ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በመጀመሪያው ጉዞ የጉዞ መመሪያ መጽሐፌ ያላለኝን መንገድ አልረገጥኩም። በሁለተኛው ስልኬን ብቻ ይዤ ሄድኩና ባትሪው ሲያልቅ እኔም አብሬው አለቅኩ። ዘንድሮ በመጋቢት ከምኖርበት ከጀርመን ተነስቼ ጆርጂያ አሥር ቀን ቆየሁ፤ የያዝኩት በእንግሊዝኛ የተጻፈ የ2016 (እ.ኤ.አ.) እትም የጉዞ መመሪያ ነው። አሮጌውን የመረጥኩት ምኑ እንደሚያረጅና ምኑ እንደማያረጅ ለማየት ነው። (እሺ፣ ሁለት ዩሮ ስለነበረም ነው።)

ዋና ከተማዋ ትብሊሲ በገባሁ ቀን መጽሐፉ ያመሰገነውን ማረፊያ ፍለጋ ሻንጣዬን በዳገቱ ጎተትኩ። ቤቱ አለ፣ ግን የጥርስ ሕክምና ሆኗል። ያን ማታ እርሳስ አውጥቼ ዋጋ፣ ሰዓት፣ ማረፊያና ምግብ ቤት ባየሁበት ሁሉ ዳር ላይ «ይጠየቅ» ብዬ ጻፍኩ። ተራራውን፣ ወንዙንና የቤተ ክርስቲያኑን ወግ አልነካሁም።

ከዚህ በላይ ያስገረመኝ ግን መጽሐፉ የሚያወራው ከእኔ ጋር አለመሆኑ ነው። ዲዱቤ የሚባለው የሜትሮ ጣቢያ አጠገብ ወደ ሰሜን የሚሄዱ ማርሽሩትካዎች ይቆማሉ። ማርሽሩትካ ያው የእኛ ሚኒባስ ነው፣ ወያላ ብቻ የለውም፤ ሒሳቡ ለሹፌሩ ነው። መጽሐፉ «ሲሞላ ነው የሚነሳው፣ አትደንግጡ» እያለ አንባቢውን አንድ አንቀጽ ሙሉ ያባብላል። መርካቶ ያደግኩትን እኔን!

የቋንቋው ገጽ ላይ ደግሞ ጭራሽ ሳቅኩ። ጆርጂያኖች 33 ፊደል አላቸው፤ እንደ እኛው ትልቅና ትንሽ ፊደል ብለው አይለዩም። የሚኒባሶቹ ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ በዚያው ፊደል ብቻ ስለሚጻፍ በአውሮፕላን ላይ ላጠና ቁጭ አልኩ። መጽሐፉ ስለ አንዳንዶቹ ድምፆች ሲያስረዳ «ትንፋሽህን ያዝ፣ ጉሮሮህን ዝጋ፣ ከዚያ ልቀቀው» ይላል፤ ለባዕድ ሰው አስቸጋሪ ናቸው ብሎም ያስጠነቅቃል። ደጋግሜ ሳነበው ለካ የሚያወራው ስለ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ ነው! ዳቦ «ጱሪ» ነው። የወይን አረቄያቸው «ጫጫ» ነው። ሁላችንም በእንግሊዝኛ አነባበብ «ካቻፑሪ» የምንለው አይብ ያለበት ዳቦ «ኻጫጱሪ» ነው። በላቲን ፊደል አንድ ላይ የተደፈጠጡት ድምፆች በእኛ ፊደል ቁልጭ ብለው ይለያሉ። የመጽሐፉን አነባበብ በእርሳስ ሰርዤ በግዕዝ ፊደል ጻፍኩበት። ማታ የማረፊያዬ ባለቤት፣ ስልሳ የሚያልፋቸው እናት፣ «ጱሪ» ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና ያልጠየቅኩትን ሁለተኛ ዳቦ ጨመሩልኝ።

ሌላው የጾሙ ነገር ነው። መጽሐፉ ጾምን የሚያነሳው «ሥጋ የማይበሉ መንገደኞች» በሚል ሳጥን ውስጥ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ግን በዐቢይ ጾም መሐል ነበርኩ። እነሱም እየጾሙ ነበር፤ ከእኛ አንድ ሳምንት ዘግይተው ይጀምራሉ እንጂ ፋሲካው አንድ ቀን ነው የሚውለው። ሦስት ቀን «ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል» እያልኩ በእጄ ሳስረዳ ከረምኩ። በአራተኛው ቀን አንዲት ዳቦ ጋጋሪ በአንድ ቃል ገላገለችኝ፦ ሳማርኽቮ። የጾም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቃሉን ብቻ ስል ቦሎቄ የተሞላ ዳቦ (ሎቢያኒ)፣ በሸክላ የተቀቀለ ቦሎቄ፣ ከዋልነት ጋር የተፈጨ ስፒናች ይቀርብልኛል። በሽሮ ላደገ ሆድ ይህ ስደት አይደለም። መጽሐፉ ውስጥ ቃሉን ፈለግኩት፣ የለም። በትልቁ ጻፍኩበት።

ወደ ሰሜኑ ተራራ ልውጣ ባልኩ ቀን ሹፌሮቹ «ዝቫቪ» ብለው እጃቸውን ከላይ ወደ ታች አወረዱ። የበረዶ ናዳ ነው፤ መንገዱ ተዘግቷል። መጽሐፉ በብርዱ ወራት መንገዱ ሊዘጋ እንደሚችል ጽፎ ነበር፤ እኔ ነኝ መጋቢትን ጸደይ ብዬ ያለፍኩት። ስለዚህ ከትብሊሲ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ምትስኼታ ሄድኩ። እንደ ልማዴ ነጠላዬን ይዤ ስለነበር በር ላይ ለሴቶች የሚያውሱት ሻርፕ አላስፈለገኝም። ስቬጢትስኾቬሊ ካቴድራል ደጃፍ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል ግን አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው ቀና አደረጉኝ። እነሱ በጫማቸው ነው የሚገቡት።

በማግስቱ መንገዱ ተከፈተና የተራራዋ መንደር ስጤፓንጽሚንዳ (ሰው ሁሉ ቃዝቤጊ ነው የሚላት) ደረስኩ። 2,170 ሜትር ላይ ወዳለችው የጌርጌጢ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣው መንገድ በመጽሐፉ ጂፕ የሚፈልግ ጭቃ ነበር፤ አሁን አስፋልት ነው። በረዶው ስልኬን ገና መንደሩ ውስጥ አጠፋብኝ። ገጽ ላይ የታተመው ካርታ አይጠፋም፤ የእግር መንገዱን በእሱ አገኘሁ።

ያልተሳካልኝ አንድ አለ። ውሃ «ጽቃሊ» ነው፣ ያ «ቃ» ግን ከእኛው «ቃ» ጠልቆ ከጉሮሮ ይመጣል። የማረፊያዬ እናት ስምንት ጊዜ አስደገሙኝ፣ ስምንቱንም ሳቁ። መቐለ ላደገች ጓደኛዬ በስልክ አሰማኋት። «ይሄማ የትግርኛው ቐ ነው» አለችና በመጀመሪያው ሙከራ ተናገረችው። እሳቸው አጨበጨቡላት፤ እኔ ዝም ብዬ ውሃዬን ጠጣሁ።