አና ዜገርስን እንዴት አነበብኳት

እዚህ ጀርመን የቋንቋ ኮርስ ጨርሶ ልቦለድ ማንበብ ለሚፈልግ ሰው ምክር አይጠፋም። በልጆች መጽሐፍ ጀምር ይሉሃል። ካፍካን ሞክር ይሉሃል። እኔ ሁለቱንም ትቼ ጀርመናዊቷን ደራሲ አና ዜገርስን ያዝኩ። ማይንዝ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በስሟ ይጠራል፤ መጽሐፍ የምዋሰውም ከዚያ ነው። ሴትዮዋ ማን ናት ብዬ ጀመርኩ፣ በዚያው ቀረሁ።

ዘዴዬ ቀላል ነበር። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ደብተሬ ላይ ሁለት ጥያቄ እጽፋለሁ። ስትጽፈው የት ነበረች? ታሪኩስ የሚሆነው የት ነው? የሥነ ጽሑፍ ትንታኔ የሚባለውን ነገር ለኋላ አቆየሁት።

ለመነሻ ያህል ሕይወቷን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1900 ማይንዝ ተወለደች፤ የትውልድ ስሟ ኔቲ ራይሊንግ ነው። አባቷ የጥንታዊ ዕቃና የሥዕል ነጋዴ፣ ቤተሰቡ አይሁዳዊ። በ1924 ሃይደልበርግ ላይ ስለ ሬምብራንት ሥዕሎች ጽፋ ዶክተር ሆነች። የብዕር ስሟንም ከሆላንዳዊው ሠዓሊ ከሄርኩለስ ዜገርስ ወሰደች። በ1928 ትልቁን የክላይስት የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘች፤ በዚያው ዓመት ኮሚኒስት ፓርቲ ገባች። ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ታሰረች፣ ተፈታች፣ ወደ ፓሪስ ሸሸች። መጽሐፎቿም ተቃጠሉ።

መጀመሪያ ያነበብኩት «ትራንዚት»ን ነው፤ ለጀማሪም የምመክረው እሱን ነው። አንድ ሰው ማርሴይ ፒዛ ቤት ተቀምጦ ለማያውቀው ሰው ያወራል። ሞንትሪያል የምትባል መርከብ በዳካርና በማርቲኒክ መካከል ሰጥማለች የሚል ወሬ አለ፣ በዚያ ይጀምራል። አነጋገሩ የወሬ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ አያንገላታም። ጊዜው ናዚዎች ፈረንሳይን የያዙበት ነው። ከተማው በስደተኛ ተጨናንቋል፣ ሁሉም መርከብ ይፈልጋል። ለመሳፈር የመድረሻ አገር ቪዛ ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ የመተላለፊያ ቪዛ የለም። መተላለፊያው ከሌለ ፈረንሳይ የመውጫ ፈቃድ አትሰጥም። ሦስተኛው እስኪገኝ የመጀመሪያው ቀኑ ያልፍበታል፣ እንደገና ከአንድ። ካራካስ ሥራ የሚጠብቀው አንድ ሽማግሌ የሙዚቃ መሪ እንዲሁ ሲዞር ሲዞር ሳይሄድ ይሞታል። ወረቀት ለማግኘት የተመላለሰ የኛ ሰው ይህን ሲያነብ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኔማ አንዳንዱን ገጽ እየሳቅኩ ነው ያነበብኩት፤ ሳቁ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም።

ዜገርስ ራሷ ከሁለት ልጆቿ ጋር በዚያ ወረፋ አልፋለች። ባሏ ፈረንሳይ ውስጥ «ለ ቨርኔ» በሚባል ካምፕ ታስሮ ነበር። በመጋቢት 1941 ከማርሴይ ተሳፈሩ፤ አንትሮፖሎጂስቱ ሌቪ-ስትሮስና ገጣሚው አንድሬ ብሬቶንም እዚያው መርከብ ላይ ነበሩ። ማረፊያዋ ሜክሲኮ ሆነ፣ መጽሐፉም እዚያ አለቀ። ደብተሬ ላይ እንዲህ ሰፈረ፦ ጸሐፊዋ ሜክሲኮ፣ ታሪኩ ማርሴይ።

«ሰባተኛው መስቀል» ላይ ካርታ አወጣሁ። ሰባት እስረኞች ከማጎሪያ ካምፕ ያመልጣሉ። አዛዡ ሰባት ዛፍ በመስቀል ቅርጽ አሠርቶ የተያዘውን ሁሉ እዚያ ያቆማል። በሕይወት የሚያመልጠው ጌኦርግ ሃይስለር ብቻ ነው። አንዷን ሌሊት ማይንዝ ካቴድራል ውስጥ ተደብቆ ያድራል፣ ከዚያ ወደ ፍራንክፈርት። መንገዱን በጣቴ መከተል ቻልኩ፤ ሰፈሮቹን በባቡር አልፌባቸዋለሁና። ካምፑ ልብ ወለድ ቢሆንም መነሻው ኦስትሆፈን ያለው እውነተኛ ካምፕ ነው፣ በ1933 አንድ የድሮ ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ የተከፈተ። ዛሬ መታሰቢያ ስለሆነ መግባት ይቻላል። መጽሐፉን ከመጨረሳችሁ በፊት ሂዱ።

ከመጽሐፉ አንድ ነገር ላንሳ። ጌኦርግ ሲሸሽ የአንድ የእርሻ ትምህርት ቤት ልጅ ጃኬት ይሰርቃል። ልጁ ፍሪትዝ የሂትለር ወጣቶች አባል ነው፤ በጃኬቱ ይኮራባት ነበርና በንዴት ይጨሳል። በኋላ ፖሊሶች ጃኬቱን አግኝተው ያንተ ነው ወይ ሲሉት የኔ አይደለም ይላል። አለቀ፣ ሌላ ጀግንነት የለም። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ይሄን ቦታ ነው። ይህን የጻፈችው ፈረንሳይ ተቀምጣ ነው፣ አገሯን ከለቀቀች ከዓመታት በኋላ፣ ከስደተኞች እየጠየቀች።

«የሞቱት ልጃገረዶች ሽርሽር» አጭር ነው፣ ግን ከባድ። በ1943 ሜክሲኮ ከተማ ውስጥ መኪና ገጭቷት ጭንቅላቷ ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ የጻፈችው ነው። በራይን ወንዝ ላይ የትምህርት ቤት ሽርሽር እየተረከች፣ እግረ መንገዷን እያንዳንዷ ልጅ በናዚ ዘመን ምን እንደምትሆን ትነግረናለች። መጨረሻ ላይ ተራኪዋ ቤቷ ደርሳ እናቷን ሰገነት ላይ ታያለች፤ ደረጃውን መውጣት ግን አቃታት። የዜገርስ እናት በ1942 ወደ ፖላንድ፣ ወደ ፒያስኪ ተግዛለች። ይህን ሳታውቁ አንብቡት፣ ከዚያ አውቃችሁ ድገሙት። እኔ ሌሎቹን መጽሐፎች ሁሉ እንዲሁ አደረግሁ፦ መጀመሪያ ታሪኩ፣ ቀጥሎ የሕይወት ታሪኳ።

ከ1947 ወዲያ ያለው ይከብዳል። ወደ በርሊን ተመለሰች፣ ምሥራቁን መረጠች፣ ከ1952 እስከ 1978 የምሥራቅ ጀርመን ደራስያን ማኅበርን መራች። በ1957 አሳታሚው ቫልተር ያንካ በፖለቲካ ክስ ለፍርድ ሲቀርብ አዳራሹ ውስጥ ነበረች፤ በአደባባይ ቃል አልተነፈሰችም። ያንካ ሜክሲኮ ሳሉ መጽሐፏን ያሳተመላት ሰው ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ፍሪትዝንና ጃኬቱን ያለሷ ዝምታ ማንበብ አልቻልኩም። መጽሐፉ ግን አላነሰብኝም።

የዚያ ዘመን ረጃጅም ልቦለዶቿ፣ «ውሳኔው» እና «መተማመን»፣ ስለ ምሥራቅ ጀርመን ሠራተኞች ናቸው። ደብተሬ ላይ ሁለቱ መልሶች ለመጀመሪያ ጊዜ ገጠሙ፤ ጸሐፊዋም ታሪኩም አንድ አገር። በኔ ግምት ድርሰቱ የቀዘቀዘውም እዚያው ላይ ነው። «ውሳኔው»ን እየጎተትኩ ጨረስኩት። «መተማመን»ን መልሼ አስረከብኩና «ትራንዚት»ን እንደገና ተዋስኩ።