የዛገ ፌሮ

ሪል እስቴት ፋይናንስ ውስጥ እንዴት ገባሽ ሲሉኝ "በፌሮ" ነው የምላቸው። ሰው ይስቃል፣ እኔ ግን የምሬን ነው።

2005 ላይ ከኮሜርስ በአካውንቲንግ ተመርቄ ባንክ ገባሁ፣ ሁለት ዓመት ከምናምን መስኮት ላይ ብር ስቆጥር ከርሜ የውስጥ ቫካንሲ ሲወጣ ተወዳድሬ ክሬዲት፣ ማለትም ብድር ክፍል፣ ገባሁ። ያኔ የግል ባንክ 100 ብር ባበደረ ቁጥር 27 ብር የብሔራዊ ባንክ ቢል መግዛት ነበረበት፣ ለማበደር የሚተርፈን ብር ትንሽ ነበር፣ ስለዚህ እኛ ክሬዲት ውስጥ ያደግን ልጆች ከሁሉ በፊት የተማርነው ሰውን በትህትና መመለስ ነው። በኋላ ዴስክ ሲከፋፈል የኮንስትራክሽን ብድሩ እኔ ላይ ወደቀ። ማንም አይፈልገውም፣ ሳይት መውጣት አለው፣ አቧራ አለው፣ ከኮንሰልታንት (ግንባታውን ከሚቆጣጠረው መሃንዲስ) ጋር መጨቃጨቅ አለው። ወንዶቹ ኢምፖርት ኤክስፖርቱን ተሻሙት፣ እዛ ምሳ ይጋበዛላ።

ነገሩ የሆነው መጋቢት 2016 ነው። ከሰሚት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ ጂ ፕላስ 9 አፓርታማ፣ ባለቤቱ የብድሩ ሦስተኛ ዙር እንዲለቀቅለት ጠይቆ የክፍያ ሰርተፍኬት፣ ሥራው የት እንደደረሰ የሚያሳይ ወረቀት፣ አስገብቷል። ሰርተፍኬቱ አምስተኛው ሶሌታ (የወለል ኮንክሪት) የካቲት ላይ ተሞልቶ የቀጣዩ ፎቅ ኮለን (ምሰሶ) እየታሰረ ነው ይላል። እኔ ሄጄ አይቼ ሪፖርት ልጽፍ ነው።

እዛ ስንደርስ ፎርማኑ ሮጦ መጣና ሄልሜቱን ለሹፌራችን ሰጠው። ሹፌራችን "ኧረ እሷ ናት" ማለት ሲገባው አድርጎት ቁጭ አለ፣ ቀኑን ሙሉ አላወለቀውም፣ ለፎቶ ሁሉ ቆመበት። እኔ ያለ ሄልሜት ነው አምስት ፎቅ የወጣሁት። (ይሄ ግን አያናድደኝም፣ እስካሁን ስንገናኝ "ኢንጂነር" ነው የምለው።)

ላይ ስወጣ የኮለኖቹ ሥራ ቆሟል፣ ካሳፎርማ (ኮንክሪት የሚሞላበት ቅርጽ) የለም፣ ሰራተኛ የለም። ከሶሌታው የወጡት ፌሮዎች ላይ ገመድ ታስሮ ልብስ ተሰጥቷል፣ የዘበኛው ሚስት ልብስ ነው። ነጠላዋ አንዱን ፌሮ ነክቶ ዝገቱ ጥለቱን አቋርጦ ቡናማ መስመር ሰርቶበታል። ፌሮውን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው እንደ ድንች ልጣጭ ተቀርፎ መጣ። እኔ መሃንዲስ አይደለሁም፣ ግን ባለፈው ወር የተሞላ ሶሌታ ላይ ያለ ፌሮ እንደዛ አይሆንም፣ ነጠላም ተረጋግቶ አይሰጣበትም።

የሕንጻው ባለቤት ትንሽ ቆይቶ እያለከለከ ወጣ። ስልሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ካፖርት የሚወድ ሰው ነው። ፌሮውን አሳየሁት።

"ጋሼ ይሄ እኮ ዝጓል። ሥራው ከቆመ ስንት ጊዜው ነው?"

"የኔ እናት፣ እናንተን ስጠብቅ ነው የዛገው" አለኝ፣ ሳይቆጣ። "ሁለተኛውን ዙር የጠየኩት መስከረም ላይ፣ የለቀቃችሁልኝ ጥር ላይ። ብሩ ሲመጣ ለሲሚንቶና ለፌሮ ዱቤ ሄደ፣ እጄ ላይ ምንም አልቀረም። ፌሮ ደሞ እንደኔ ትዕግስት የለውም።"

"ሰርተፍኬቱስ?"

"እሱ ውሸት ነው። እውነቱን ብጽፍ ትሰጡኝ ነበር?"

መልስ አልነበረኝም። እስከዛ ቀን ድረስ ተበዳሪ ፊቴ ቆሞ "እሱ ውሸት ነው" ብሎኝ አያውቅም፣ ሁሉም "ትንሽ ስህተት ተፈጥሮ ነው" ነው የሚለው።

ቢሮ ተመልሼ ፋይሉን ከፈትኩ። እውነትም መስከረም ላይ የገባ ማመልከቻ ነው፣ ማህተም አለው፣ ጥጉ ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ "ይጠብቅ" የሚል ብቻ ተጽፎበታል። ባንካችን ውስጥ በአረንጓዴ የሚጽፍ አንድ ሰው ነው፣ የቅርብ አለቃዬ። ስሙን አልጠራም፣ ከዛ ወዲህ ሁለቴ አድጓል፣ እንኳን ደስ ያለው።

ሪፖርቱን ጻፍኩ። አራት ገጽ ከነፎቶው። "ሥራው ለወራት መቆሙ በመስክ ምልከታ ተረጋግጧል" አልኩ። ሰርተፍኬቱ ከእውነታው ጋር አይገናኝም አልኩ። ለምን እንደቆመ ግን አልጻፍኩም። ረስቼው አይደለም። ጽፌው ነበር፣ አንዲት መስመር ነበረች፣ ሁለቴ ጽፌ ሁለቴ አጠፋኋት፣ ምክንያቱም ሪፖርቱን መጀመሪያ የሚያነበው አረንጓዴው እስክሪብቶ ነው፣ የሲኒየር እድገቴ ደብዳቤም እሱ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ሦስተኛው ዙር ታገደ። ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተጨበጨበልኝ፣ "እንደዚህ አይነት ዓይን ነው የሚያስፈልገን" ተባልኩ፣ ጓደኞቼ ኬክ አስገዙኝ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ትሬዠሪ፣ የባንኩን ገንዘብ የሚያስተዳድረው ክፍል፣ ያለች ልጅ ቡና ላይ እየሳቀች ነገረችኝ። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የብድር እድገት በዓመት ከ14 በመቶ አይለፍ ብሎ የለ፣ እኛ ደሞ ጣሪያው ጋ ደርሰን ነበር፣ የጸደቀ ብድር ራሱ እንዳይለቀቅ ሰበብ እየተፈለገ ነበር። "አንቺ ደሞ ዝገት ይዘሽላቸው ከች አልሽ" አለችኝ። ለካ ያ ሁሉ ጭብጨባ ለዓይኔ አልነበረም። ቡናውን ጨርሼ ተነሳሁ፣ ኬኩን ግን አስታወስኩት፣ በራሴ ብር ነበር የገዛሁት።

ከዛ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100ን አለፈ። ለሳይት ሰው ይሄን ማስረዳት አይጠበቅብኝም፣ ሊፍቱ፣ አልሙኒየሙ፣ ሴራሚኩ በዶላር ይመጣል፣ ገዢው ግን ድሮ በብር ተዋውሎ ቅድሚያውን ከፍሏል። መጋቢት ላይ ሦስተኛው ዙር ተለቆለት ቢሆን ኖሮ ያ ሰውዬ ቢያንስ ሊፍቱን በድሮው ዋጋ ያዝ ነበር እያልኩ ማታ ማታ ኤክሴል ከፍቼ አሰላ ነበር። ለማንም አላሳየሁትም። ለራሴ ነው። በነገራችን ላይ የመጀመሪያዬ ትክክለኛ የሪል እስቴት ካሽ ፍሎው ሞዴል (ብሩ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ የሚያሳይ ስሌት) እሱ ነው፣ ከማንም ኮርስ በላይ እሱ አስተማረኝ።

ኅዳር 2017 ስልክ ተደወለልኝ። "ያቺ ፌሮ የምትፍቀው ልጅ ነሽ?" ድምጹን ለየሁት። የፋይናንስ ኃላፊው ለቆበት ሰው ይፈልጋል፣ ነይ እናውራ አለኝ። እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ባንኩ የጻፈለት የእገዳ ደብዳቤ አለ፣ ፕላስቲክ ውስጥ አስገብቶ አስቀምጦታል።

"'ሥራው ለወራት መቆሙ በመስክ ምልከታ ተረጋግጧል' ይላል" ብሎ አነበበው። "አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ጥሩ አማርኛ ነው።" መነጽሩን አወለቀ። "ከሷ ቀጥላ የምትመጣዋስ?"

"የቷ?"

"እኔ ፎቁ ላይ ቆሜ የነገርኩሽ።"

"ጽፌያት ነበር፣ አጠፋኋት" አልኩ። ይቅርታም ማለት ፈልጌ ነበር፣ አልወጣልኝም። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ አየኝና "ስንት ይከፍሉሻል?" አለኝ። ነገርኩት። "በዚህ ብር ነው ያጠፋሻት?" አለና ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ።

አሁን እዛ ነኝ። ለባንኮች ጥያቄ የማዘጋጀው እኔ ነኝ፣ ሰርተፍኬት ላይ የሌለ ሶሌታ እንዳይጻፍ ከኮንሰልታንቱ ጋር የምጣላው እኔ ነኝ፣ አንድ ጊዜ ጋሼን ራሱን "ይሄን አልፈርምም" ብዬዋለሁ። ሁለተኛ እውነት አልቆርጥም ብዬ ነበር የመጣሁት።

ባለፈው ወር ከሌላ ባንክ አንዲት ልጅ ሳይት ልታይ መጣች። ከመጣችበት ቀን በፊት ማታ ለፎርማኑ ደወልኩና ሰባተኛው ላይ ያሉትን ፌሮዎች በሙሉ በሽቦ ብሩሽ አስፈገፍግልኝ አልኩት። ፎርማኑ ገረመው፣ "ቀላል ዝገት እኮ ችግር የለውም፣ እንደውም ከኮንክሪቱ ጋር ይያያዛል፣ የሚጎዳው የሚቀረፈው ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ፣ ፈግፍገው ብቻ" አልኩት። "ልብሱንም አስነሳልኝ።"

ልጅቷ ስትደርስ ሄልሜቱን ራሴ ይዤ ጠበቅኳት።