ከኪሴ የማትለየው ሰንጢ

ለብዙ ዓመታት አንዲት ተጣጣፊ ሰንጢ ከኪሴ ተለይታ አታውቅም። የምኖረው ከእንጦጦ ተራራ ባሻገር በሱሉልታ ሲሆን፣ የምሠራው ደግሞ መሐል አዲስ አበባ በሒሳብ ሠራተኛነት ስለሆነ፣ ሰንጢዋ በየማለዳው የጎጃምን መንገድ ይዛ ከእኔ ጋር ወደ ከተማ ትወርዳለች፣ ማታም አብራኝ ትመለሳለች። ሴት ልጅ ስለት በኪሷ ይዛ መዞሯ የሚያስገርማቸው ሰዎች ምክንያቱን ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ መልሴን አንድ ጊዜ በሥርዓት ጽፌ ማስቀመጥ ፈለግሁ። በከተማ ዳርቻ የሚኖር ሰው እጁ ሥራ አይፈታም፤ ሰንጢም የሥራ ዕቃ ናት፤ የሥራ ዕቃ መሆኗ ግን የሚታወቀው በግልጽ ስትያዝ፣ በግልጽ ስትሠራና በንጽሕና ስትጠበቅ ብቻ ነው።

ሰንጢዋ ኦፒኔል ቁጥር 8 የምትባለው ናት። ወንድሜ በፈረንሳይ አገር ተምሮ ሲመለስ ያመጣልኝ ስጦታ ናት። የስለቷ ርዝመት 8.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እጀታዋ ቢች ከተባለው የአውሮፓ ዛፍ የተሠራ ነው፤ ክብደቷ 50 ግራም አይሞላም። የመጀመሪያዋን የሠራት ጆሴፍ ኦፒኔል የተባለ የመሣሪያ ሠሪ ልጅ ነው፤ ጊዜው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1890፣ ቦታው በፈረንሳይ የሚገኙት የሳቮዋ ተራሮች፣ የሠሪው ዕድሜም ገና 18 ዓመት ነበር። በ1897 ሰንጢዎቹ በመጠናቸው ከ1 እስከ 12 ቁጥር ተሰጥቷቸው መሸጥ ጀመሩ። በ1955 ደግሞ ስለቱ ከተዘረጋ በኋላ ዞሮ የሚቆልፍ ቀለበት ታከለላት፤ ከዚያ ወዲህ ሰው እየሠራ ሳለ ስለቱ በጣቱ ላይ ይታጠፋል የሚለው ሥጋት ቀረ። ጠቅላላ አካሏ አምስት ነገር ብቻ ነው፦ ስለት፣ እጀታ፣ መያዣ ብረት፣ ማያያዣ ካስማና ያ ቀለበት። ለዚህች ሰንጢ ያለኝ አክብሮት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ሊጎድልባትም ሆነ ሊጨመርባት የሚገባ ነገር አላገኘሁም።

በስለቷ ላይ አክሊል የደፋ እጅ ተቀርጿል። ድርጅቱ ይህን ምልክት የያዘው በ1909 ነው። እጁ የተወሰደው በአቅራቢያው ካለችው ከሴን ዣን ደ ሞሪየን ከተማ አርማ ሲሆን፣ ከተማዪቱ በመጥምቁ ዮሐንስ ስም የምትጠራና የጣቶቹን ዐፅም በክብር እንደያዘች የምታምን ናት። ዘመን መለወጫን በቅዱስ ዮሐንስ ስም ለምናከብር ለእኛ ይህ ምልክት ባዕድ ሊሆን አይችልም። ታሪኩን ለእናቴ ስነግራት ሰንጢዋን ተቀብላ አገላብጣ አየቻትና፣ «እንግዲህ ስጋ አታስነኪያት፤ ጾም ታስገድፍሻለች» አለችኝ። ምክሯን እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ የዓመቱ ግማሽ ገደማ ጾም በሆነበት ቤት፣ ለቅቤና ለስጋ የሚሆን ቢላ ለብቻው፣ በማንኛውም ቀን ሎሚ ወይም ብርቱካን የሚቆርጥ ስለት ለብቻው መሆኑ ብዙ ጭንቀት ያስቀራል።

ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ብትጠቃለልም፣ ሜዳዋ እስካሁን ለአዲስ አበባ ወተትና ድርቆሽ ያቀርባል። ሳሩ በመስከረምና በጥቅምት ታጭዶ ሲታሰር፣ በጎረቤቴ ግቢ የሚራገፈው ድርቆሽ በሲባጎ የተጠፈረ ስለሆነ፣ እማማ በአጥሩ በኩል «ልጄ፣ ያቺን ነገርሽን ወዲህ በይልኝ» ይሉኛል። እኔም እጀታውን ወደ እሳቸው አዙሬ እሰጣለሁ፣ ሥራው ሲያልቅም ተጠርጋ ትመለስልኛለች። የጤፍ ማዳበሪያ አፉ ሲፈታ፣ ለመፋቂያ የሚሆን ቅርንጫፍ ሲቆረጥ፣ ሸንኮራ ሲላጥ፣ የሰፈሩ ልጆች እርሳስ ሲቀረጽ፣ ጎመን ከሥሩ ሲቀነጠስ፣ ሁሉም በእሷ ነው።

ከሁሉም በላይ የምትከብርበት ሥራ ግን የችግኝ ተከላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ በሰፈራችን ተሰብስበን እንተክላለን፤ ችግኞቹም በጥቁር ላስቲክ ውስጥ ያደጉ ናቸው። ላስቲኩ ሳይወልቅ የተቀበረ ችግኝ ሥሩ መውጫ አጥቶ ይጠማዘዛል፣ ለጥቂት ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይቆይና በበጋው ይደርቃል። ላስቲኩን በእጅ ጎትቶ መቅደድም ሌላ ጥፋት ነው፤ አፈሩ ይበተናል፣ ቀጫጭኖቹ ሥሮችም ይበጠሳሉ። ትክክለኛው አሠራር ከላስቲኩ ግርጌ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ የተጠማዘዘውን ሥር ማስወገድ፣ ከዚያም ጎኑን ከላይ እስከ ታች በስሱ ሰንጥቆ አፈሩ እንደተያያዘ ችግኙን ጉድጓድ ውስጥ ማሳረፍ ነው። ይህን ለመሥራት ሹል ስለት ያስፈልጋል፤ በመቶ የሚቆጠር ሰው አካፋና ዶማ ይዞ በሚመጣበት ተራራ ላይ ግን ስለት ይዞ የሚገኘው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ እኔ አልቆፍርም፤ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዞርኩ ላስቲክ እሰነጥቃለሁ፣ የተሰነጠቀውንም በከረጢት እሰበስባለሁ። ለተከላ የሚወጣ ሁሉ ከአምስት ሰው አንዱ እንኳ ሰንጢ ቢይዝ የሚጸድቀው ችግኝ እንደሚበዛ ከልቤ አምናለሁ።

መኪናው ጎጃም በርን አልፎ አዲሱ ገበያ ሲደርስ ግን የነገሩ መልክ ይለወጣል። በሱሉልታ ሰንጢ የሌለው ሰው ከጎረቤት ይዋሳል፤ በአዲስ አበባ ሰንጢ ያለው ሰው ይጠረጠራል። ጥርጣሬው መሠረት የለውም አልልም፤ በስለት የተጎዳ ሰው ያለበት ቤተሰብ ብዙ ነው፣ የበር ጥበቃዎችም ኃላፊነታቸው ከባድ ነው። ስለዚህ ለራሴ ያወጣሁት ሥርዓት አለኝ። ወደ ባንክ፣ ወደ ሆቴል ወይም ወደ ገበያ ሕንጻ ስገባ ፈታሿ ቦርሳዬን እስክትከፍት አልጠብቅም፤ ታጥፋና ተቆልፋ እንዳለች ራሴ አውጥቼ እሰጣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ «እህቴ፣ ይቺ ለምንሽ ናት?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። «ለሥራ ናት፤ ስወጣ እወስዳታለሁ» ስላቸው ነገሩ በዚያው ያልቃል። በመሥሪያ ቤቴ በር ላይ የተለመደች በመሆኗ በመሳቢያ ውስጥ ትውላለች፣ ስወጣም ሳልጠይቅ ትሰጠኛለች። ደብቆ የያዘ ሰው ሲያዝ ከሚደርስበት ኀፍረት ይልቅ አስቀድሞ የማሳየት ጨዋነት ምን ያህል ሰላም እንደሚሰጥ የማውቀው በየቀኑ ስለምኖርበት ነው።

ጨርሶ ቤት የምተዋት ጊዜም አለ። የመስቀል ደመራና የጥምቀት በዓል፣ የስታዲየም ግጥሚያ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ እንዲሁም ብዙ ሕዝብ የሚተፋፈግበት ማንኛውም ስፍራ ለስለት ሥራ የለውም። ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስሄድም በእጅ ሻንጣ ስለማይፈቀድ፣ ወይ ከሚጫነው ጓዝ ጋር አስራታለሁ ወይ እቤት አስቀምጣታለሁ።

«ለመከላከያ ነው አይደል?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ በተለይ ከመሸ ከታክሲ ወርጄ እስከ ቤቴ ያለውን ጨለማ መንገድ የሚያውቁ። በፍጹም አይደለም። ጸብ ባለበት ስለት ያወጣ ሰው በስድብ ወይም በጥፊ ሊያልቅ የነበረውን ነገር ወደ ደም ይለውጠዋል፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚፈሰው የራሱ ደም ነው። ለምሽቱ መንገድ ባትሪ እይዛለሁ፣ ከጎረቤቶቼም ጋር ተጠባብቀን እንሄዳለን። ሰንጢን ለጥቃትም ሆነ ለመከላከያ የሚያስብ ሰው ባይይዝ እመርጣለሁ።

ስለ አያያዟ ደግሞ ዝርዝር መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ብዙዎች መልካም ስለት ገዝተው በአንድ ክረምት ያበላሹታል። የሱሉልታ ክረምት ርጥበቱ ብርቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የእጀታዋ እንጨት ውኃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ ስለቱን ጨምቆ ይይዘዋል፣ በጥፍር መክፈትም አይቻልም። የሳቮዋ ሰዎች ለዚህ ያላቸው ዘዴ የእጀታውን ጫፍ ጠንካራ ነገር ላይ መታ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ስለቱ ብቅ ስለሚል በጣት ይያዛል። በበጋው እንጨቱ ሲደርቅ ደግሞ መታጠፊያው ይላላል፣ ቀለበቱም የበለጠ ያስፈልጋል። እጀታውን በዓመት አንድ ጊዜ በተልባ ዘይት እቀባለሁ፤ ተልባ እንጨት ውስጥ ገብቶ ስለሚደርቅ ርጥበት ይከላከላል። በዚሁ ምክንያት ግን የተልባም ሆነ የኑግ ዘይት መታጠፊያው ውስጥ መግባት የለበትም፤ እየደረቀ ሲሄድ ሙጫ ሆኖ ብረቱን ያጣብቃል። ለመታጠፊያው የሚስማማው የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ነው፣ እሱም ጠብታ ብቻ።

የእኔዋ ስለት የማይዝግ ከሚባለው ብረት አይደለችም፤ ከካርቦን ብረት የተሠራች ናት። እንዲህ ያለው ብረት በቀላሉ ይሳላል፣ ነገር ግን ሎሚና ቲማቲም ሲነኩት ይጠቁራል። ግራጫው ጥቁረት ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ብረቱን ከዝገት በመጠኑ ይጠብቀዋል። ጠላት የሚሆነው ቀዩ ዝገት ነው፣ መድኃኒቱም ከሥራ በኋላ ወዲያው ጠርጎ ማድረቅ ነው። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ መተው እጀታውንም ስለቱንም ያጠፋል።

በሰፈር እየዞሩ በሚሽከረከር ድንጋይ ቢላ የሚስሉ ሰዎች ለወጥ ቤት ካራ ይጠቅማሉ፤ ለቀጭን የካርቦን ስለት ግን አልሰጣቸውም። ድንጋዩ ሲፈጥን የብረቱ ጫፍ ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ሰማያዊ ቀለም ያወጣል፣ ከዚያ በኋላ ጥንካሬው ስለሚሄድ ሳምንት ሳይሞላው ይዶለዱማል። እኔ የምስላት የሸካራነት ቁጥሩ 1000 በሆነ መሳያ ድንጋይ፣ በውኃ አርሼ፣ ስለቱን ከድንጋዩ ወደ 20 ዲግሪ ያህል አንሥቼ ነው። በአንዱ በኩል እስላለሁ፤ ከማዶው ጠርዝ በጣት የሚዳሰስ ቀጭን ሸካራነት ሲወጣ ገልብጬ ሌላውን ጎን እጀምራለሁ፣ በመጨረሻም በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ እየጎተትኩ አለሰልሳታለሁ። ድንጋይ በሌለበት የቡና ስኒ ይበቃል፤ ስኒው ተገልብጦ፣ ከሥሩ ያለው ያልተለበጠው ሻካራ ክብ ለጊዜው ስለት ያወጣል። ስለቷን በወረቀት ላይ እንጂ በአውራ ጣት አልሞክርም። የዶለዶመ ስለት ጉልበት ስለሚጠይቅ ይንሸራተታል፣ ሰውንም የሚቆርጠው ያን ጊዜ ነው።

ከብዙ ዓመት መሳል የተነሣ ስለቷ ከቀድሞው ጠብባለች፣ ለላስቲክና ለፍራፍሬ ግን እንዲያውም ተሻለች። እጀታዋ ከቀለበቱ ሥር መሰንጠቅ ጀምሯል። ስለዚህ ሰፈራችን ካለ አናጺ ጋር ተነጋግሬ ከወይራ እንጨት አዲስ እጀታ ሊሠራልኝ ተስማምተናል፤ ወይራ ጠንካራና ቅባታም በመሆኑ ርጥበት ቶሎ አይጠጣም። ቁራጩ እንጨት ፈጥኖ ከደረቀ ስለሚሰነጠቅ፣ ሁለቱን ጫፎቹን በሰም ለብጠን ጥላ ውስጥ አስቀምጠነዋል፤ ሥራው የሚጀመረው በሚመጣው በጋ ነው።